የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የመብራት ፍጆታቸውን ይንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው። ጭማሪው ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ነው። በየቤታችን መቼ እንጀራ እንደምንጋግር፣ የትኛውን አምፖል እንደምናጠፋ ማስላት ጀምረናል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችስ? ዓመቱን ሙሉ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀመ ለሕዝብ ያሳወቀ መሥሪያ ቤት አላየሁም። ይህ በሕግ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ሠርቻለሁ። ቢል ይመጣል፣ ይከፈላል፣ ሰነዱ ፋይል ይደረጋል። ሁሉም የሚያየው ብሩን ነው። ታሪፍ በጨመረ ቁጥር ግን ብሩም አብሮ ስለሚጨምር፣ ፍጆታው ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለው ከክፍያው ብቻ አይታወቅም። ቆጣሪው የቆጠረው መታየት አለበት።

አየርላንድ ይህን ሠርታበታለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ደንብ የመንግሥት ተቋማት በየዓመቱ የኃይል ፍጆታቸውን ለሀገሪቱ የዘላቂ ኢነርጂ ባለሥልጣን ሪፖርት ያደርጋሉ። ትምህርት ቤቶችም አልቀሩም። እስከ 2020 የኃይል አጠቃቀም ብቃታቸውን በ33 በመቶ እንዲያሻሽሉ ግብ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ለ2030 ደግሞ 50 በመቶ ሆኗል። የማን መሥሪያ ቤት የት እንደደረሰ ለሕዝብ ይወጣል። ከሁሉ የወደድኩት አሠራሩን ነው። ተቋሙ የቆጣሪዎቹን መለያ ቁጥር ያስመዘግባል፣ የኤሌክትሪክ ንባቡ የመብራት መስመሩን ከሚያስተዳድረው ድርጅት በቀጥታ ይመጣል። ቁጥር ማሳመር ይከብዳል።

እኛም ጋ ንባቡ በኤሌክትሪክ አገልግሎት እጅ ነው። መሥሪያ ቤቶች የደንበኛ ቁጥሮቻቸውን ዝርዝር ቢሰጡ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ከባዱ ሌላው ግማሽ ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት በኪራይ ሕንፃ ላይ ነው፤ ከሌሎች ተከራዮች ጋር አንድ ቆጣሪ የሚጋራም አለ። የጀነሬተሩ ናፍጣ ከመኪኖቹ ነዳጅ ጋር ተደባልቆ ከተመዘገበ፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የሚያስነሳ ቢሮ በወረቀት ላይ ቆጣቢ መስሎ ይታያል። አሁን ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ግቢ ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል። ሦስቱም ለየብቻ ካልተመዘገቡ ሪፖርቱ ያሳስታል። ሌት ተቀን የሚሠራን ሆስፒታል ከሚኒስቴር ቢሮ ጋር ማወዳደርም ፍትሕ አይደለም። ሆስፒታል ከሆስፒታል ጋር፣ በካሬ ሜትር ተሰልቶ ይወዳደር።

«ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፣ ምን ቁጠባ ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። 5,150 ሜጋዋት ትልቅ ነገር ነው፣ እኔንም ያኮራኛል። ግን ስንቱ የገጠር ቤት ዛሬም በኩራዝ ነው የሚያመሸው። ማታ ሰው በሌለበት ቢሮ የሚበራው መብራት እዚያ መድረስ ነበረበት።

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኢነርጂ ብቃትና ቁጠባ ይናገራል፤ ስለዚህ ከዜሮ አንጀምርም። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በፌዴራል ሚኒስቴሮች ይጀምር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የእያንዳንዱ ሚኒስቴር ኪሎዋት ሰዓትና የናፍጣ ሊትር፣ ካለፈው ዓመት ጋር ጎን ለጎን ተደርጎ፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ይውጣ። ጋዜጣችሁም ሰንጠረዡን ሙሉውን ቢያትምልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ