የማፍረሻ ፈቃድ ጎረቤትንም ይመልከት

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ደሴ ውስጥ አሮጌ ቤት ፈርሶ ባለ ፎቅ ሲተካበት ማየት የተለመደ ሆኗል። ከተማ እንዲያድግ የማይፈልግ የለም፤ እኔም አልቃወምም። ቅር የሚያሰኘኝ ለአዲሱ ሕንፃ ፕላኑ፣ የአፈር ምርመራውና ካርታው ሲታይ ሲመረመር እየከረመ፣ አሮጌው ቤት ግን አንድ ማለዳ እስካቫተር ገብቶበት ከሰዓት በኋላ ፍርስራሽ ሆኖ መዋሉ ነው። «የራሱን ቤት አፈረሰ፤ ማን ምን አገባው?» ይባላል።

ያገባናል እንጂ። አብዛኛው ደሴ የተሠራው በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ ነው። የታችኛው ቤት የጀርባ ግንብ የላይኛውን ግቢ አፈር ደግፎ ይይዛል። ግንቡ የተሠራው ለዚህ ተብሎ ላይሆን ይችላል፤ ከሠላሳና ከአርባ ክረምት በኋላ ግን ሥራው ይኸው ሆኗል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ቤት ያፈረሰ ሰው ጎረቤቱን አቧራ ቢያለብሰው ነው። እኛ ዘንድ መሬቱ ራሱ ይከተላል። የመሬት መንሸራተት ለደሴ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም።

በሰፈራችን የሆነው ይኸው ነው። የታችኛው ባለይዞታ ቤቱን ከነጀርባ ግንቡ አወረደው። ዝናቡ ሲጠና የላይኛው ግቢ አጥር ተሰነጠቀ፤ የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድም ተደረመሰ። ፈቃድ አለህ ወይ ሲባል ያወጣው ወረቀት የአዲሱ ሕንፃ የግንባታ ፈቃድ ነበር። ስለ ማፍረሱ አንድ መስመር እንኳ የለበትም። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ካሣ ተነጋገሩ፣ እስካሁንም አልተዘጋም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ግንባታ የሰዎችንና የሌሎች ሕንፃዎችን ደኅንነት በማይጎዳ መንገድ እንዲካሄድ አዝዟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ክስ መሥርቶ፣ ባለሙያ አስመስክሮ፣ ቀጠሮ ጠብቆ ካሣ እስኪገኝ ሌላ ክረምት ይገባል። የማፍረሻ ፈቃድ ጥቅሙ አስቀድሞ መምጣቱ ነው። የመብራትና የውኃ መስመሩ ተቋርጧል? የጋራ ግድግዳ አለ? ግንቡ ሲወርድ አፈሩን ምን ይይዘዋል? ፍርስራሹስ የት ይደፋል? (ቦይ ውስጥ የሚደፋውን ሁላችንም እናውቃለን።)

አሮጌ ሲባል ሁሉም አንድ አለመሆኑንም ላንሳ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን ባሠሩባት ከተማ፣ የትኛው ቤት ቅርስ እንደሆነ የሚጠየቀው ቆርቆሮው ከወረደ በኋላ መሆን የለበትም።

ስለዚህ ማፍረስ ከግንባታው ፈቃድ ተለይቶ በራሱ ወረቀት ይፈቀድ። ማስታወቂያው ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ አጥሩ ላይ ይለጠፍ፤ ከላይና ከታች ያሉ ጎረቤቶችም በጽሑፍ ይወቁት። በተዳፋት ላይ ያለ ግንብ ምትክ ድጋፍ ሳይሠራለት በክረምት ወራት እንዳይነካ ይከልከል። ባለሀብቱ ሊያጉረመርም ይችላል፤ ሆኖም ለፕላን ወራት የጠበቀ ሰው ሁለት ሳምንት አይከብደውም።

ጋዜጣችሁም የከተማውን የግንባታ ፈቃድ ባለሙያዎች አንድ ነገር ቢጠይቅልን ደስ ይለኛል፦ ቤት እንዲፈርስ ሲፈቅዱ ቦታው ድረስ ሄደው ጎረቤቱን ያያሉ ወይስ ካርታውን ብቻ?

አንድ የደሴ ነዋሪ