ሳይለካ የሚያልፍ በሽታ፦ ከጎንደር ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዘር የሚወረስ የአንጎል ሕመም ካለባቸው ቤተሰቦች የሚወሰድ ናሙና በአግባቡ ተሰብስቦ እንዲቀመጥ ስለመጠየቅ

በጎንደር ከተማ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አጎቴ አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ እጅና እግሩ ያለ ፈቃዱ እየተወራጨ፣ ጠባዩም እየተለወጠ ሄዶ፣ ዘመድ ዛር ነው፣ ሐኪም የነርቭ ነው እንዳለ የሕመሙ ስም ሳይታወቅ አረፈ። አባቱም እንዲሁ ሆነው እንደሞቱ በቤተሰባችን ይነገራል። ማንም ስላልመረመረው ሀንቲንግተን የተባለው በዘር የሚወረስ የአንጎል ሕመም ነበር ብዬ መመስከር አልችልም፤ ልጆቹ ግን ዛሬ እርሱ ሕመሙ በጀመረው ዕድሜ ላይ ናቸው።

የሀንቲንግተን መንስኤ የሆነው የዘረመል ለውጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በአራተኛው ክሮሞዞም ላይ ሲኤጂ የሚባለው የሦስት የዘረመል ፊደላት ቅንብር ከልኩ በላይ ይደጋገማል፤ ድግግሞሹ 40 እና ከዚያ በላይ የደረሰበት ሰው ዕድሜ ከሰጠው መታመሙ አይቀርም፣ ከ36 እስከ 39 ያለው ግን ሊያመልጥ ይችላል። ለውጡ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣም ስለሚበቃ የእያንዳንዱ ልጅ ዕጣ እኩል በእኩል ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠራችን ከሁለቱም ወላጆች ሲገናኝ ለሚገለጥ በሽታ ይረዳ እንደሆነ እንጂ ይህንን አይከለክልም። የትውልድ ሐረግን በቃል ይዞ መገኘት ግን ለዘረመል ባለሙያ ትልቅ ሀብት ነው።

የዘረመል ምርመራ ሰውየው መውረሱን ይናገራል እንጂ ሀንቲንግቲን የተባለው ፕሮቲን የተበላሸው ዓይነት ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ በተለመደው ዘዴ አይያዝም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ በሚቆጥር ዘዴ ተለካ፣ በሽታው በገፋባቸው ሰዎችም መጠኑ ከፍ ብሎ ታየ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2019 ቶሚነርሰን የተባለው መድኃኒት ይህንን ፕሮቲን እንደሚቀንስ ተዘገበ፤ በ2021 ግን የትልቁ ሙከራ ታካሚዎች መድኃኒቱን መውሰድ እንዲያቆሙ ተደረገ። ታዲያ መለካቱ ምን ጠቀመ የሚል አይጠፋም። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው፤ ልኬቱ ባይኖር ኖሮ መድኃኒቱ ዒላማውን ስቶ ይሁን፣ ወይስ ዒላማውን መምታቱ ብቻውን ሳይበቃ ቀርቶ፣ መለየት ባልተቻለ ነበር።

ውድ የሆነው የመለኪያ መሣሪያ ነገ ጎንደር ይተከል አልልም። የምለምነው ናሙናውን ነው። ፈሳሹ ከወገብ ሲቀዳ ደም ከነካው፣ በደም ውስጥ ያለው ሀንቲንግቲን ልኬቱን ያዛባዋል፤ ስለዚህ ቶሎ በሴንትሪፉጅ፣ ማለትም በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ መጣራት፣ ፕሮቲን በማይጣበቅበት ቱቦ ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ማለት የራሱ ጄኔሬተርና ሌሊት የሚጮህ ማንቂያ ያለው ማቀዝቀዣ ማለት ነው። አንድ ሌሊት የቀለጠ ናሙና በወረቀት ላይ ጤነኛ መስሎ ይቆያል፤ ይህን ያየ ባለሙያ ያውቀዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ ከተመሠረተ ወዲህ ሰው ሲያፈራ ስለኖረ፣ የጎደለው መመሪያው፣ በጀቱና ናሙናው በሕግ ወደ መለኪያ ቤት የሚላክበት መንገድ ነው።

ከማቀዝቀዣው በፊት ግን አማካሪ ይቅደም። ውጤቱ አካለ መጠን ለደረሰና ለፈለገ ሰው ብቻ፣ ለራሱ ብቻ ይነገር፤ ለእጮኛ ቤተሰብም ሆነ ለአሠሪ አይውጣ። የአጎቴ ትልቋ ልጅ ማወቅ ትፈልጋለች፣ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ አትንገሩኝ ብሏል። መመሪያው ለሁለቱም ቦታ እንዲኖረው፣ ይህንን ጥያቄ የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነም በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ጎንደር