ሳላላ፦ ተራራው በነሐሴ፣ ባሕሩ በጥቅምት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከምንኖረው ኢትዮጵያውያን መካከል ክረምት ሲገባ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ሳላላ የሚጓዝ አለ። ስለ አካባቢው የሚጻፈው ግን አረንጓዴውን ተራራ አሳይቶ ያበቃል። ተራራውና ባሕሩ የሚያምሩበት ጊዜ ለየቅል መሆኑ ሲነገር አይሰማም።

ሳላላ በምትገኝበት በኦማኗ ዶፋር ግዛት ኸሪፍ የሚባለው የጉምና የካፊያ ወቅት ከሰኔ 14 እስከ መስከረም 11 ይቆያል። የደቡብ ምዕራብ ነፋስ የባሕሩን የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው እየገፋ ሲያርቀው ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። እርጥቡ አየር በዚያ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል፣ ጉሙንም ተራራው ያግደዋል። ካፊያውም ሣሩም ከዚህ ይመጣል። ያው ነፋስ ግን ባሕሩን ያናውጠዋል፤ በኸሪፍ መዋኘት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው።

በተለይ ከሳላላ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው አልሙግሰይል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማዕበሉ ከዓለቱ ሥር ገብቶ በቀዳዳዎቹ ወደ ላይ የሚፈነዳበት ቦታ ነው፤ ኃይሉ የሚበረታውም በኸሪፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ መጀመሪያ እዚያው አጥሩን የተሻገሩ ጎብኚዎች በማዕበል ተወስደው ሕይወታቸው አልፏል። ዓለቱ ሙልጭልጭ ነው፣ ትልቁ ማዕበል ደግሞ ከብዙ ትንንሾች በኋላ ሳይታሰብ ይመጣል። ለፎቶ ብላችሁ ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ፤ ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ በጠመዝማዛ ገደል ይወጣል። በጉም ውስጥ ረጅም መብራት አይበራም፤ ብርሃኑ ተመልሶ የነጂውን ዓይን ይጋርዳል። አጭሩንና የጉም መብራቱን ተጠቀሙ። እየነዱ አራቱንም ፍሬቻ ማብራት የተለመደ ስህተት ነው፤ ከኋላ ያለው ሾፌር ወዴት እንደምትታጠፉ ማወቅ አይችልም። በቁልቁለት ማርሽ ቀንሱ፤ አውቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው። ፍሬን ብቻ ረግጦ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቅተዋል። ግመል ደግሞ ከጉሙ ውስጥ ድንገት አስፋልት ላይ ይቆማል።

የዕጣን ዛፍ ማየት የሚፈልግ ሰው ጉም በሚያረጥበው ተዳፋት አይድከም። የዶፋር ዕጣን የመተማና የሁመራ ዕጣን ዘመድ ነው፣ ዝርያው ግን ሌላ ነው፤ የሚወደውም ካፊያ የማይደርስበትን ደረቅ ጎን ነው። ተራራውን በስተሰሜን ተሻግሮ ዋዲ ዳውካ ወደተባለው ሸለቆ ይሂድ። ዕጣኑ ይጫንበት የነበረው የጥንቱ ወደብ ሱምሁሩም ደግሞ ከሳላላ በስተምሥራቅ ኾር ሮሪ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ነው። ሁለቱም በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

ከኾር ሮሪ በላይ ያለው የዋዲ ደርባት ፏፏቴ ብዙ ሰው ያሳዝናል። በሰኔ መጨረሻ የሄደ ደረቅ ገደል ሊያገኝ ይችላል፤ ውሃው የሚወርደው መሬቱ ከጠገበ ወይም ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ነውና። ለተራራውና ለሸለቆው ነሐሴ ይሻላል።

ባሕሩን የሚወድ ጥቅምትን ይጠብቅ። ጉሙ ተገፍፎ፣ ማዕበሉ ረግቶ፣ ከሳላላ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ሚርባጥ መዋኘትም መጥለቅም የሚቻለው ያኔ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ ለማየት የመስከረም የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ይመቻሉ፤ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ባሕሩም መርጋት ጀምሯል።

ስለ ሳላላ ወደፊት ስትጽፉ ከእያንዳንዱ ቦታ ስም ጎን የሚጎበኝበትን ወር እንድታስገቡልን እንጠይቃለን።

አንባቢያችሁ፣ ከሙስካት