ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፦ የአጎቴን እግር በጊዜው ማን አየለት?

ክቡር ኃላፊ፣

ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት ገቢ ሆኗል፤ ማኅተምም ተመቶበታል። መልስ ግን የለም። ቢሮ ስመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እባላለሁ። ስለዚህ ከዚሁ ከጅማ በአደባባይ እጽፍልዎታለሁ።

አጎቴ አጋሮ አካባቢ ቡና አምራች ነው። ውስጥ እግሩ ላይ፣ ተረከዙ አጠገብ ጥቁር ነጥብ ወጣበት። ጤና ጣቢያ ሲሄድ «እሾህ ወግቶህ ይሆናል» ተብሎ ቅባት ተሰጠው። ነጥቡ ሰፋ፣ ቆሰለ። አሁንም ቅባት። ለወራት ከተመላለሰ በኋላ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ሄደ። ናሙና ተወስዶ ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ብሽሽቱ ድረስ ተሰራጭቶ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፦ በእነዚያ ወራት ሁሉ አንድም ሰው ነጥቡን በደርማቶስኮፕ አላየለትም። እርስዎ መሣሪያውን ያውቁታል፤ ለማያውቀው ልንገር። ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ መብራት ያለው ማጉያ ነው። አሥር እጥፍ ያህል ያጎላል፤ የቆዳውን ነጸብራቅ አጥፍቶ ከላዩ ሥር ያለውን ቀለም ያሳያል። መቁረጥ የለ፣ መርፌ የለ፣ ደም የለ። ውስጥ እግራችን እንደ ጣት አሻራ መስመር መስመር አለው። ቀለሙ ጎድጎድ ያለውን መስመር ከተከተለ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም። ከፍ ባለው ላይ ከሄደ ግን ያስጠረጥራል፤ ቶሎ ናሙና ይወሰዳል። ይህን ለመለየት የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል፤ ማሠልጠን ደግሞ የእናንተ ሥራ ነው።

አንድ ባለሙያዎ «የቆዳ ካንሰር የነጮች በሽታ ነው» አለኝ። በጣም አዘንኩ። ነጮች ላይ መብዛቱ እውነት ነው። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ሲመጣ ግን በብዛት የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው። ቦብ ማርሌን የገደለው ከእግሩ ጣት የጀመረ ሜላኖማ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ሲሞት ገና 36 ዓመቱ ነበር። አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም ቆዳቸው በተፈጥሮ ቀለም ያነሰው ወገኖቻችንን ደግሞ ፀሐዩ ራሱ ለቆዳ ካንሰር ያጋልጣቸዋል። እነሱንስ ማን እያያቸው ነው?

በየጤና ጣቢያው ስፔሻሊስት ይመደብ አላልኩም። ስልክ ላይ የሚገጠም ደርማቶስኮፕ አለ። ነርሷ ፎቶ ታነሳለች፣ የቆዳ ሐኪሙ ካለበት ሆኖ ያያል። መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ ቢያንስ ታካሚውን ጫማ አስወልቃችሁ እዩት።

መቼ እንደምትጀምሩ በጽሑፍ ይመልሱልኝ።