«አይጥ ላይ ተሞክሯል» ስለተባለው መድኃኒት፣ ለአባቴ

ከሐረር
ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣ ድሬዳዋ ከዚራ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማማስ እንዴት ናት? አክስቴስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ ያነሱት ነገር በአጭር ወሬ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ አደረግሁት። ካንሰር ለያዛት አክስቴ ቀፊራ ገበያ የተነገራት የልጣጭ ዱቄት «የሰው ካንሰር አይጥ ላይ ተተክሎ አጥፍቶታል» ተብሎ ነው የሚሸጠው። እንዲህ ዓይነት ሙከራ እውነት አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ አለ። ግን አይጥ ላይ መሞከሩ ብቻውን መድኃኒት አያደርገውም። አሠራሩን ካወቁት ሻጩን ምን ብለው እንደሚጠይቁ ራስዎ ያገኙታል።

የሰው የካንሰር እጢ ጤነኛ አይጥ ላይ ቢተከል አያድግም፤ ሰውነቷ ባዕድ መሆኑን አውቆ ያጠፋዋል። ስለዚህ በሽታ የመከላከል አቅም የሌላት አይጥ ታስፈልጋለች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ውስጥ ፀጉር አልባ አይጦች ተወለዱ። በ1968 ደግሞ ደረት ውስጥ የሚገኘውና የመከላከያ ሴሎች የሚበስሉበት ታይመስ እንደሌላቸው ታወቀ። በዓመቱ ዴንማርክ ውስጥ የሰው የአንጀት ካንሰር እነዚህ አይጦች ላይ ተተክሎ አደገ። እነዚህ አይጦች ጉንፋን በመሰለ ነገር ሳይቀር ስለሚሞቱ አየሩ ተጣርቶ፣ ምግባቸውና ውሃቸው ከጀርም ጸድቶ ነው የሚያድጉት።

እጢው በሁለት መንገድ ይገኛል። አንዱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለዓመታት ሲራባ የኖረ የካንሰር ሴል ነው። ከ1 እስከ 10 ሚሊዮን ሴል በ0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይበጠበጥና ጎኗ ላይ ከቆዳዋ ሥር ይወጋል። ብዙ ጊዜ ሴሎቹ ቶሎ እንዲይዙ የሚረዳ ማትሪጄል የሚባል ነገር ይጨመርበታል። ማትሪጄል በረዶ ላይ ፈሳሽ ነው፣ ሲሞቅ ይረጋል፤ ሲሪንጁና መርፌው በረዶ ላይ ካልቆዩ መርፌው ውስጥ ይረጋና አንዷ አይጥ ሙሉ፣ ሌላዋ ግማሽ ታገኛለች። ሁለተኛው መንገድ ከታማሚ በቀዶ ጥገና የወጣን እጢ በሰዓታት ውስጥ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አድርጎ ቆርጦ መትከል ነው። ይህኛው ለሰው በሽታ ይቀርባል፤ ሆኖም ለማደግ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ጭራሽ የማይዝም ሞልቷል።

እጢው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ሲደርስ አይጦቹ በዕጣ ይከፈላሉ፤ ለአንድ ቡድን 8 ወይም 10። ትንንሽ እጢ ያላቸው ሁሉ መድኃኒቱ ቡድን ውስጥ ከገቡ መድኃኒቱ ምንም ሳያደርግ የሠራ ይመስላል። አንዱ ቡድን መድኃኒቱ የተበጠበጠበትን ፈሳሽ ብቻ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ ይወስዳል። ይህ ቡድን የሌለበት ሙከራ ለእኔ ሙከራ አይደለም።

ልኬቱን እርስዎ ከማንም በተሻለ ይረዱታል፤ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ይዘውት እንደኖሩት ባለ ካሊፐር ነው የሚለካው፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ። ርዝመቱ በወርዱ፣ እንደገና በወርዱ ተባዝቶ ለ2 ይካፈላል። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 8 ሚሊ ሜትር ከሆነ 320 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ነው። የሚለካው ሰው እጁን ላላ አድርጎ ወርዱን 9 ቢያነብ 405 ይሆናል። በአንድ ሚሊ ሜትር ስሕተት ከሩብ በላይ ጨመረ ማለት ነው። ብረት አይደለም፤ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ቆዳው አብሮ ይያዛል። ስለዚህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ቢለካው፣ ያም ሰው የትኛዋ አይጥ መድኃኒት እንደወሰደች ባያውቅ ይመረጣል።

አይጦቹም ይመዘናሉ፤ ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው። መርዝ የወሰደች አይጥ መብላት ታቆማለች፣ ስትከሳ እጢዋም እድገቱ ይዘገያል። በወረቀት ላይ «እጢውን ያዘው» ይባላል፤ የያዘው ግን ረሃብ ነው። ክብደቷ በ20 በመቶ ከወረደ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፤ እጢው 1,500 ወይም 2,000 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ከደረሰ ወይም ከቆሰለ ደግሞ እንዳትሠቃይ በማደንዘዣ ትሰናበታለች።

«አጠፋ» የሚለውንም ቃል ይጠርጥሩት። መድኃኒት ያላገኙት 1,000 ደርሰው የወሰዱት 400 ላይ ቢገኙ «በ60 በመቶ ቀነሰ» ተብሎ ይጻፋል። ሲጀመር 150 ከነበረ ግን እጢው ከእጥፍ በላይ አድጓል! የዘገየ እንጂ የጠፋ ነገር የለም።

በሚገባ የተሠራውም ቢሆን ወሰን አለው። አይጧ መከላከያ ስለሌላት፣ የሰውን መከላከያ ቀስቅሰው የሚሠሩ መድኃኒቶች በእሷ አይፈተኑም። እጢውን የሚመግቡት የደም ሥሮችም የአይጥ ናቸው። በ2001 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች 39 መድኃኒቶችን መለስ ብለው ሲያዩ፣ አይጥ ላይ በአንድ ዓይነት ካንሰር የሠራው በሰው ላይ በዚያው ዓይነት ካንሰር ይሠራል ማለት አልቻሉም፤ አንድ የሳንባ ካንሰር ዓይነት ብቻ ነው የተለየው። ብዙ ዓይነት እጢዎች ላይ የሠሩት ግን የተሻለ ዕድል ነበራቸው።

መጠኑንም በክብደት ብቻ ማባዛት አደገኛ ነው። ለአይጥ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም የሆነውን 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 600 ብለው እንዳያሰሉት። በሰውነት ቆዳ ስፋት ሲሰላ ለ12 ያህል ይካፈላል፣ ወደ 50 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ያም ቢሆን ሐኪሞች በሰው ላይ ሲጀምሩ ከዚያ በጣም ዝቅ ብለው ነው።

አባባ፣ ከእኛው አገር የወጣ ምሳሌ አለ። በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ወገን፣ በኦሮምኛ ኮምቦልቻ ከሚባለው ዓይነት ተክል፣ ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ተለይቶ በ1972 ይፋ ሆነ። የአይጥ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ላይ እጅግ ኃይለኛ ነበር። ሰው ላይ ሲሞከር ግን ማስታወክ፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት አመጣ፣ ጥቅሙም ትንሽ ሆኖ ተተወ። ኋላ የእሱ ዝርያ የጡት ካንሰርን ሴል ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣበቀ፤ የሰው እጢ በተተከለባቸው አይጦች ላይ ተፈተነ፣ ሰው ላይ ተፈተነ፣ በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከተክሉ እስከ መድኃኒቱ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። በተክሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር በኪሎ ከጥቂት ሚሊ ግራም በታች ነው፤ ቀቅሎ መጠጣት ወይ ምንም አይሠራም፣ ወይ በሌላ ነገሩ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል።

ስለዚህ ሻጩን እንዲህ ይጠይቁልኝ፦ የየትኛው ካንሰር እጢ ነበር? ስንት አይጥ? መድኃኒት ያልወሰዱት ምን ሆኑ? ክብደታቸውስ? ሰው ላይ ተሞክሯል? መልስ ከሌለው ገንዘቡን አይስጡት፤ አክስቴም ዱቄቱን ከኬሞው ጋር እንዳትቀላቅል አደራ።

የአክስቴን የፓቶሎጂ (የእጢዋ ምርመራ) ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። «ኸር ቱ» የሚል ምርመራ (ያ ፀረ እንግዳ አካል የሚይዘው ምልክት እጢዋ ላይ መኖሩን የሚያሳይ ነው) ከተጻፈበት ውጤቱን ማየት እፈልጋለሁ፤ ካልተጻፈ ደግሞ ሕይወት ፋና ሆስፒታል በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሟን ስለእሱ ትጠይቅ።

አክባሪ ልጅዎ