«ያላየሁትን ዕቃ አልፈርምም» ላለችው ሠራተኛ ሕግ ይድረስላት

ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣

የምጽፍላችሁ አብራኝ ስለሠራች አንዲት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። የእሷንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አላነሳም። ዛሬም እዚያው ናት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። አለቃዋ ሞዴል 19 የሚባለውን የዕቃ መረከቢያ ቅጽ ይዞ መጣ። ዕቃው ግን መጋዘን አልገባም። «ነገ ይገባል፤ በጀት ሊዘጋ ነው፤ አንቺ ብቻ ፈርሚ» አላት። «ያላየሁትን ዕቃ ተረክቤያለሁ ብዬ አልፈርምም» አለች። ከዚያም ነገሩን በጽሑፍ ለሥነ ምግባር ክፍል አመለከተች። በሁለተኛው ቀን ማመልከቻው የእሷ መሆኑን ቢሮው ሁሉ አወቀ።

ማንም አላባረራትም። ይሄን ልብ በሉልኝ። «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ብቻ ነው የደረሳት። ሄዳ ያገኘችው ወንበር እንጂ ሥራ አልነበረም። ጥሩ የነበረው የሥራ አፈጻጸም ውጤቷ ወረደ፤ በዚያ ውጤት የደረጃ ዕድገት አይታሰብም። መስክ ከሚወጡት ዝርዝር ውስጥ ስሟ ጠፋ፣ አበሉም አብሮ ቀረ። ኮሪደር ላይ ስታልፍ ወሬ ይቆማል። እኔም ከእሷ ጋር መታየት የፈራሁበት ጊዜ ነበር። እስካሁን ያሳፍረኛል።

የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 እንዳለ አውቃለሁ። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የተጻፈው ለከባድ ወንጀል ነው። ጥበቃው የሚመጣው ወንጀሉ በ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። በዚያ ላይ የጠቋሚው ወይም የቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነፃነት ወይም ንብረት ለከባድ አደጋ መጋለጡ መታመን አለበት። እሷ ደግሞ የገጠማት የዝውውር ደብዳቤ ነው። መጋዘን በር ላይ የቆመች ሴት ጥፋቱ ስንት ዓመት እንደሚያስፈርድ በምን ታውቃለች? ያየችው ባዶ መደርደሪያ ነው።

ስሙም ራሱ አይረዳም። «ጠቋሚ» ሲባል ብዙዎቻችን ጆሮ ጠቢ ነው የሚመስለን። የሕዝብ ንብረት እንዳይጠፋ የተናገረ ሰው ሌላ መጠሪያ ቢያገኝ ደስ ይለኛል።

የምጠይቃችሁ አዋጁን ለመንግሥት ሠራተኛው እንድታሰፉት ነው። የ10 ዓመቱ ገደብ ለሠራተኛው ይነሳ። በቅን ልቦና የተናገረ ሰው ከዝውውር፣ ከውጤት ቅነሳ፣ ከዕድገት ክልከላ እንደሚጠበቅ በግልጽ ይጻፍ። አገራችን ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ኮንቬንሽን አንቀጽ 33ም የሚያወራው አግባብ ስለሌለው ማንኛውም በደል ነው፤ ስለ ሕይወት አደጋ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ማስረጃው። አሁን ዝውውሩ በቀል መሆኑን እንድታስረዳ የምትጠየቀው እሷ ናት። ፋይሉ በአለቃዋ እጅ ነው፤ ምን ይዛ ታስረዳ? ጥቆማ ከቀረበ በኋላ የመጣ እርምጃ ከጥቆማው ጋር እንደማይገናኝ ያስረዳ፣ ደብዳቤውን የፈረመው ኃላፊ። ጥቆማውንም ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ አካል ይቀበለው።

ሰኔ 30 በየዓመቱ ይመጣል። ከሚቀጥለው በፊት አዋጁን አሻሽሉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ