የሪሞት ሄሊኮፕተር ማረጋጊያ ከመግዛታችን በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በምኖርበት በጀርመን አገር በሪሞት የሚበሩ ሄሊኮፕተሮችን ማብረር ከጀመርሁ በርካታ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለልጆቻቸው ሄሊኮፕተር ለመግዛት ያሰቡ ወገኖቼ አዘውትረው የሚጠይቁኝ «የትኛውን ማረጋጊያ እንግዛ?» ብለው ነው፤ ብዙዎቹም ጥያቄውን የሚያነሡት ውዱ ከርካሹ ይሻላል ከሚል ግምት ተነሥተው ነው። ምርጫው ከዋጋ የሚቀድም መመዘኛ እንዳለው በጋዜጣችሁ አማካይነት ለማስረዳት እወዳለሁ።

በቅድሚያ የምንነጋገረው ስለ መጫወቻ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። 700 ተብሎ በሚጠራው መደብ ያለ ሄሊኮፕተር ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሲሆን፣ የዋናው ክንፉ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 1.6 ሜትር ይደርሳል፤ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲሽከረከር የክንፉ ጫፍ በሰዓት ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል። የተለመደው የካሜራ ድሮን መሪው ሲለቀቅ ባለበት ይቆማል፤ ሄሊኮፕተር ግን አብራሪው ለጥቂት ሰከንዶች ከተዘናጋ አዘንብሎ ይወድቃል።

ይህን ጠባይ ለብዙ ዓመታት ያርም የነበረው ፍላይባር የሚባለው ዘንግ ነው፤ እርሱም አርተር ያንግ ለቤል ኩባንያ ሄሊኮፕተሮች የሠራውን ባለክብደት ዘንግና ስታንሊ ሂለር ያበጀውን መቅዘፊያ መሰል ክንፍ ያጣመረ ነበር። ዛሬ ቦታውን የያዘው ማረጋጊያ የምንለው፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል ሣጥን ነው። በውስጡ ያሉት ጋይሮስኮፖች የሄሊኮፕተሩን መዞር በሦስት አቅጣጫ ይለካሉ፤ ሣጥኑም በልኬቱ መሠረት ክንፉንና ጭራውን የሚያንቀሳቅሱትን ሰርቮ የሚባሉ ትናንሽ ሞተሮች ያለማቋረጥ ያዛል። የሚካዶ ቪባርም ሆነ ቢስትኤክስ፣ የፉታባም ሆነ የስፒሪት መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው፤ በትክክል ከተስተካከሉ ጀማሪ አብራሪ ልዩነታቸውን አየር ላይ መለየት ይከብደዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ማረጋጊያ» የሚለውን ስም ሲሰማ ነው። ጋይሮስኮፕ የመዞርን ፍጥነት ይለካል እንጂ ምድር በየት በኩል እንዳለች አያውቅም፤ ስለዚህ ያዘነበለን ሄሊኮፕተር እንዳዘነበለ ሊያቆየው ይችላል። ወደ አግድም የሚመልሰው፣ የስበትን አቅጣጫ የሚለይ አክስለሮሜትር የተጨመረበትና በአንድ ቁልፍ የሚታዘዝ የማዳኛ ሥርዓት ያለው መሣሪያ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ብቻ ነው፤ አንድ ውድቀት የሚያስከትለው የመለዋወጫ ወጪ ብዙ ጊዜ ከዋጋው ልዩነት ይበልጣልና።

ይሁን እንጂ ማዳኛው ራሱ ሊያጠፋ እንደሚችል በራሴ ጥፋት ተምሬአለሁ። ሣጥኑን በየት አቅጣጫ እንዳጣበቅሁት በቅንብሩ ላይ አሳስቼ ሞልቼ ነበር፤ ቁልፉን በተጫንሁ ጊዜ ሄሊኮፕተሩ ቀጥ በማለት ፈንታ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ ተከሰከሰ። ማንም ሰው ያን ጊዜ በአጠገቡ ባለመኖሩ እስከ ዛሬ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ አዲስ ገጠማ በኋላ የሞተሩን ገመዶች ነቅዬ ሄሊኮፕተሩን በእጄ ወደ ፊት አዘነብላለሁ፤ ከክንፉ ሥር ያለው ክብ ሳህን ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ ሳዘነብለውም ወደ ግራ ካልተጋደለ አላበርም።

ሌላው ጠላት ንዝረት ነው። የታጠፈ ዘንግ ወይም ሚዛኑን የሳተ ክንፍ ሣጥኑን ሲያንቀጠቅጠው መሣሪያው ያልተፈጠረ እንቅስቃሴ ያነባል፤ ይህን ውድ መሣሪያ መግዛት አይፈውሰውም። ባትሪውና የኃይል ማስተላለፊያው ሰርቮዎቹ በአንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ የሚፈልጉትን ኃይል መስጠት ካቃታቸውም ሣጥኑ አየር ላይ ሳለ ሥራውን ያቆማል።

ሄሊኮፕተሩን ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱ ለሚያስቡ አንድ ነገር ልጨምር። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ፣ የክንፉ ፍጥነትና ጌይን የሚባለው የማረጋጊያው የምላሽ መጠን እዚያው እንደገና መስተካከል አለበት። የሚመለከተውን አካል ፈቃድ አስቀድሞ መጠየቅም ይገባል።

በእኔ እምነት ከሁለት እኩያ መሣሪያዎች መካከል መመረጥ ያለበት በሚበርበት ሜዳ ሌሎች አብራሪዎች የሚያውቁት ነው። ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች ከመግዛታቸው በፊት አንድ ቅዳሜ ሜዳው ድረስ ሄደው «ይህን በእጅ አዘንብለህ አሳየን» ብለው ቢጠይቁ፣ የሚያሳያቸው ሰው አያጡም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ አንባቢ፣ ከጀርመን